የትርንጎ ሰሚ

በወገል ጤና ሰው ክፉ ቃል አይፈራም፤ የሚፈራው ደግ ቃል ነው። ጎረቤት ሳይጠሩት ማር ይዞ ከመጣ፣ የቤቱ እመቤት ማሩን ተቀብላ፣ አመስግና፣ በሩን ከዘጋች በኋላ ጉበቷን በእጇ ትዳብሳለች። የታክሲ ረዳት «እማማ፣ ፊት ይቀመጡ» ካለ ተሳፋሪው ሁሉ ዞር ብሎ ሴትዮዋን ከንፈሩን እየመጠጠ ያያታል። ስለዚህ ወዳጁን የሚወድ ሰው ወዳጁን ይሰድባል። «አንቺ፣ ዛሬም አልሞትሽ?» የተለመደ የጠዋት ሰላምታ ነው፤ መልሱም «አንተን ሳልቀብር!» ነው። በ2078 ዓ.ም. በዚያ ከተማ ከዚህ የተሻለ የጤና ማረጋገጫ አልነበረም።

ትርንጎ ይመር በኦፓል ማኅበሩ ድንጋይ ለዪ ነበረች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት፣ ምላሷ ስለት ያለው፣ ዓይኗ ደግሞ ከምላሷ የሚብስ ሴት። ጠዋት ተነስታ፣ ፊቷን ሳትታጠብ፣ እንደማንኛውም ሰው ከመስተዋቱ ፊት ትቆማለች። ሁለቱን ዓይኖቿን ገልጣ እስከ አምስት ትቆጥራለች። መስተዋቱ በዓይኗ ገብቶ የሚያየውን ያያል፤ ስኳሯን፣ የደም ሥሮቿን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሴሎቿን ጫና። ከዚያ «ደህና አደሩ፤ ቀኑ የተባረከ ይሁን» ይላታል። ይህንኑ ለጎረምሳው ይላል፤ ይህንኑ ሳምንት ዕድሜ ለቀረው ሰው ይላል። ድምፁ አይለወጥም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ይባላል። ትርንጎ ልጅ ሳለች መስተዋቶቹ ያዩትን እዚያው ይናገሩ ነበር። አንድ ቀን በአንድ ትልቅ ከተማ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሹፌር ፊቱን ሊያይ ጎንበስ ሲል፣ መስተዋቱ በሕዝብ መሃል «ቆሽትዎ ላይ…» ብሎ ጀመረ። ሰውየው የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ወደቀና አልተነሳም። በማግሥቱ ሕዝቡ ድንጋይ አነሳ፤ በዚያች ከተማ ሳይሰበር የዋለ መስተዋት አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ «መርዶ በማሽን አይነገርም» አሉ። «መርዶ ወግ አለው፣ ጊዜ አለው፣ የሚናገረውም ሰው አለው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማን ይቃወማቸዋል? እናም ደንብ ወጣ። መስተዋቱ ያየውን ለባለቤቱ አይናገርም። የሚልከው ባለቤቱ አስቀድሞ ለመረጣቸው ሰሚዎች ብቻ ነው። ሰሚዎቹ ቀን መርጠው፣ ሰውየውን አዘጋጅተው፣ በወጉ ይነግሩታል። እነሱ «ነግረነዋል» ብለው ካላረጋገጡ ደግሞ የትኛውም ሐኪም ቤት በሽተኛውን አይነካም።

ትርንጎ ሁለት ሰሚዎች ነበሯት፤ ኮምቦልቻ የምትሠራው ልጇ ሶስናና፣ በሥራ ቦታ ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው ዘቢባ። ከእነዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? አንዷን ወልዳለች፤ ከሌላዋ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ድንጋይ ለይታለች።

ድንጋይ መለየት ማሽን ሞክሮ የተወው ሥራ ነው። የደላንታ ኦፓል እንደ ሰው ጸባዩ ይለዋወጣል። ውሃ ከነካው ይጠጣና እሳቱ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። በጠዋት ብርሃን አረንጓዴ የነበረው ከሰዓት ብርቱካናማ ጫፍ ያወጣል። በዚህ የተነሳ ለዪዎቹ እጃቸውን አድርቀው፣ መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ ድንጋዩን በሁለት ጣት እያዞሩ ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ትሪ ያኖራሉ። የውጭ ገዢዎችም «በሰው ዓይን የተለየ» የሚል ማኅተም ካላዩ አይገዙም። ትርንጎ በዚህ ሥራ ስሟ የተጠራ ነበር። ተሳስታ አታውቅም ማለት ባይቻልም፣ ስትሳሳት ያያት ሰው ጥቂት ነው። አንዳንድ ጊዜ አንድ ድንጋይ ካሳተች ዘቢባ ከማዶ ሆና «አንቺ ዕውር!» ትላትና ሁለቱም ይስቃሉ።

የጥርጣሬው መጀመሪያ ትራስ ነው። በኅዳር አጋማሽ ዘቢባ ትራስ ሰፍታ አመጣችና የትርንጎ ወንበር ላይ አነጠፈችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ትርንጎ።

«ወገብሽን እንዳያምሽ ብዬ ነዋ።»

«ወገቤን አመመኝ ያለሽ ማን ነው?»

ዘቢባ ሳቀች። ሳቋ ግን አጠረ፤ ትርንጎም ሳቁ የት ላይ እንደተቆረጠ ልብ አለች። ቀጥሎ የተቆላ ሽምብራ መጣ። ቀጥሎ ዘቢባ «ብርሃኑ ላንቺ ይሻላል» ብላ የመስኮቱን ጥግ ለቀቀችላት። ከሁሉም የከፋው ግን ሌላ ነበር። ከትራሱ ሳምንት ጀምሮ ዘቢባ «አንቺ ዕውር» ማለት ተወች። ሃያ ሁለት ዓመት በሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ የሰማችው ስድብ ጸጥ ሲል ትርንጎ ጀርባዋን በረዳት። ሶስናም ብትሆን በሳምንት አንዴ ትደውል የነበረች ልጅ፣ አሁን በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ መደወል ጀመረች። ሰርጓ ለጥር ተቆርጧል፤ ስለ ሰርጉ ልታወራ ነው እንዳይባል ስለ ሰርጉ አታወራም። «እማዬ ምን በላሽ? እማዬ ምን ሠራሽ?» ብቻ።

ትርንጎ ሞኝ አልነበረችም። ገላዋን ከእግር እስከ ራሷ በሐሳቧ ፈተሸችው። ስኳር ከያዛት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ ግን በወር አንዴ የምትውጠው የመድኃኒት ፍሬ ስኳሩን ልኩ ላይ አቁሞላታል። እሱ አይሆንም። ልቧ ደህና ይመታል። ሆዷ ደህና ነው። በቀኝ ዓይኗ በኩል አልፎ አልፎ ጥቁር ነጠብጣብ ሲንሳፈፍ ታይ ነበር፤ ያን ግን የጠረጴዛው አምፖል አቧራ አድርጋ ቆጥራው አምፖሉን በጨርቅ ስትወለውል ነው የከረመችው።

በታኅሣሥ መግቢያ ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። ድንጋዮቿ መጉደል ጀመሩ። ከምሳ በፊት ሰማያዊ ትሪ ላይ አሥራ አንድ ድንጋይ ትታ ትወጣለች፤ ስትመለስ ስምንት ሆነው ታገኛቸዋለች። በአዳራሹ ምሳ ሰዓት የምትቀር ዘቢባ ብቻ ናት፤ ምሳዋን በሳህን ይዛ ትመጣለች። ትርንጎ ነገሩን አሰላሰለችና በድንገት ሁሉም ተገለጠላት። ትራሱ፣ ሽምብራው፣ የመስኮቱ ጥግ። ዘቢባ እየሰረቀቻት ነው! ሌባ ከሚሰርቀው ሰው ጋር ደግ መሆኑ የታወቀ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ትርንጎ ይህን ስታውቅ እፎይ አለች። የሃያ ሁለት ዓመት ጓደኛዋ ሌባ ሆና በመገኘቷ ደስ አላት፤ መርዶ ደብቃ ከመገኘት ይሻላል። ያን ዕለት ማታ ሳታስበው እየዘፈነች ነበር ወደ ቤቷ የሄደችው።

በማግሥቱ ሰባት ድንጋይ መርጣ ሰማያዊ ትሪ ላይ አሰለፈች፤ «ምሳ ልበላ ነው» ብላ ወጣች፤ አዳራሹን ዞራ በጓሮ በር ተመለሰች። ዘቢባ በትርንጎ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። እጇ ትሪው ውስጥ ነው።

«አስቀምጪው!» አለች ትርንጎ።

ዘቢባ እጇን አላነሳችም። «እታለም፣ እስቲ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም! ከአንድ ገበታ በልቼ፣ ክርስትናዬ ነው እስልምናሽ ሳንባባል ኖሬ፣ አንቺ ትሰርቂኛለሽ?»

«ወላሂ አልወሰድሁም። እየመለስሁ ነው።»

«ምኑን ነው የምትመልሺው?»

ዘቢባ አንዱን ድንጋይ በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው። «ይሄ ምን ዓይነት ነው?»

«ሰማያዊ ነዋ! ባይሆን ሰማያዊ ትሪ ላይ ምን ይሠራል?»

«ይሄኛውስ?»

«እሱም ሰማያዊ።»

ዘቢባ ድንጋዮቹን መልሳ አስቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። «አረንጓዴ ናቸው፣ እታለም። ሁለቱም እንደ ሣር አረንጓዴ ናቸው። ከጥቅምት ጀምሮ አረንጓዴውን ከሰማያዊ እየደባለቅሽ ነው። ሰው እንዳያይብሽ ምሳ ስትወጪ እየለየሁ እመልሰዋለሁ።»

ትርንጎ ያን ጊዜ ተቀመጠች። ትራሱ ላይ ነው የተቀመጠችው።

«መቼ ነው የመጣልሽ?» አለች።

«መስከረም አሥራ ስምንት።»

«መስከረም!»

«ልጅሽ ትነግርሻለች ብዬ ነዋ! እኔ ባዳ ሆኜ ልጅን ልቅደም? ነውር አይደለም?»

ትርንጎ እዚያው ሆና ለሶስና ደወለች። ሶስና ገና «እማዬ» ከማለቷ ማልቀስ ጀመረች። «ልጅ ለእናቷ መርዶ ትነግራለች እንዴ? እትዬ ዘቢባ ታላቅ ናቸው፣ እሳቸው ይነግሩሻል ብዬ እኮ ነው። ደግሞ ሰርጉ ይለፍና ብዬ… ደስ ብሎሽ እንድትድሪኝ ብዬ…»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። አንዷ ልጅን ላለመቅደም፣ ሌላዋ ታላቅን ላለመቅደም፣ ሁለቱም ወግ አክብረው፣ ሦስት ወር። ማንም ክፉ አላደረገም። ትርንጎ የምትቆጣበት ሰው ብትፈልግ አጣች፤ እሱ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

ደሴ ላይ ያያት ሐኪም ናሆም የሚባል ወጣት ነው። መሣሪያውን ከዓይኗ ላይ አንስቶ ወንበሩን አስጠጋ።

«ቀኙ ዘግይቷል» አላት። ትንሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ትርንጎ ጠላችው።

«ስኳሬ ልክ ነው እኮ! ስድስት ዓመት ሙሉ ልክ ነው!»

«ስኳሩማ ልክ ነው፣ እናቴ። ሴሎቹ ናቸው ያልረሱት። ድግስ ቤት ያውቃሉ አይደል? እንግዳ ባንዴ ሲጎርፍ፣ ሳህን ሳይታጠብ ሲከመር፣ ወጡ ሳይወጣ ሌላ እንግዳ ሲገባ? በስኳሩ ጊዜ የዓይንዎ ሴሎች እንደዚያ ነበር የሚውሉት። የሚሠሩትን ፕሮቲን በሥርዓቱ ማጠፍ እያቃታቸው፣ የተበላሸው ውስጣቸው ይከመራል። ጫና የምንለው ይህን ነው። ጫናው ሲበዛ ሴሏ በሩን ዘግታ ራሷን ታጠፋለች። እሷ ስትሞት የደም ሥሩ ግድግዳ ይሳሳል፣ ይፈስሳል። አሁን እንግዳው ቀርቷል፤ ሴሎቹ ግን እንግዳ እየመጣ እየመሰላቸው እንደደነገጡ ቀርተዋል። ሴል ቂም ይይዛል።»

«ግራውስ?»

«ግራውን አረጋጋዋለሁ፤ ዛሬ መርፌ እሰጥዎታለሁ። ግን ጫናው ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። ከተነሳ መስተዋቱ ካየበት ቀን ጀምሮ ሃያ አንድ ቀን አለን። በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ከመጡ ዳግም አረጋጋዋለሁ። ካለፈ እኔም አልችል፣ ማንም አይችል።»

«እንግዲያው ለእኔው ይላክ።»

«ደንቡ አይፈቅድም። ሰው ለራሱ ሰሚ አይሆንም።»

«አንተ ስማልኝ።»

«ሐኪምም አይሆንም። ሌላ ሰሚ ይምረጡ። አንድም ይበቃል። ግን የሚነግርዎትን ሰው ይምረጡ።»

ቀኝ ዓይኗ በጥር ጠፋ፤ የሰርጉ ሳምንት። ደም ውስጡ ፈሰሰና እንደ ደፈረሰ ኩሬ ጠቆረ። ልጇን በአንድ ዓይኗ ዳረች። ሙሽራዋ ጉልበቷን ስትስም ትርንጎ ፊቷን ወደ ቀኝ አዙራ በግራ ዓይኗ ጠገበቻት፤ ቀሚሱ ነጭ መሆኑን አይታለች፣ ጥልፉ ምን ቀለም እንደሆነ ግን ጠይቃ ነው ያወቀችው። ያን ቀን አላለቀሰችም። ያለቀሰችው በማግሥቱ ነው፤ ድንኳኑ ሲነቀል።

ከዚያ ሰሚ ፍለጋ ጀመረች። የሚወዷትን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ወንድሟ? እሱ ዶሮ ሲታረድ የማያይ ሰው ነው። የንስሐ አባቷ? «ይለፍ ይህ ጾም» ይላሉ፤ ጾሙ ሲያልፍ በዓሉ አለ። የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል ይላል ያገሬ ሰው። ይህ አባባል በወገል ጤና ከተገለበጠ ቆይቷል። የሚወዳት ሁሉ እያሳቀ ዓይኗን አጠፋው። ስለዚህ የሚጠላትን ሰው መፈለግ ነበረባት። እሱም ቢሆን ቀላል አልሆነላትም፤ የሚያኮርፏት፣ የሚያሟት፣ የሚቀኑባት ብዙ ናቸው፤ ከልቡ የሚጠላት ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ጌጤ አራጋው የኦፓል ነጋዴ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ይዞ በገዢዎች ፊት ሲያስለካ፣ ትርንጎ ድንጋዩን አንዴ አዞረችና «ስንጥቅ ነው፤ በሙጫ ነው የተያዘው» አለች። እውነቷን ነበር። ለዚህም ነው ጌጤ ይቅር ያላላት፤ ውሸት ብትናገር ኖሮ ይቅር ይላት ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያያት ይተፋል። ባሏ ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ንፍሮውን ቆርጥሞ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ሳይላት የወጣ ሰው እሱ ብቻ ነው።

በየካቲት አንድ ጠዋት ትርንጎ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ጌጤ ሚዛኑን እየጠረገ ነበር፤ ቀና ብሎ አያትና ጨርቁን ወረወረው።

«ምን ፈለግሽ አንቺ?»

«ሰሚዬ እንድትሆን።»

«አመመሽ?»

«መታመም አለመታመሜን የምታውቀው ሰሚዬ ስትሆን ነው።»

«ሰው አጣሽ?»

«ሰውማ ሞልቶኛል። ያነሰኝ ጠላት ነው።»

ጌጤ ሳቀ። ለመሳቅ አልፈለገም፤ አመለጠው። ትርንጎ የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ ትራሱን፣ ድንጋዮቹን፣ መስከረምን፣ ሃያ አንዱን ቀን። ሲሰማ ፊቱ ላይ የኀዘን ምልክት አልነበረም። ትርንጎ ይህን ፈልጋ ፊቱን በአንድ ዓይኗ ስትመረምር ነበርና ደስ አላት።

«አደራ አትበይኝ» አላት በመጨረሻ። «እኔ ደስ ብሎኝ ነው የምነግርሽ። ጥሩንባ አስነፍቼ፣ ገበያ መሃል።»

«ለዚሁ ነው የመጣሁት።»

አውራ ጣቱን የሰሚ ስም በሚመዘገብበት የኪስ ሰሌዳው ላይ አሳረፈ። የሶስናና የዘቢባ ስም ተሰረዘ፤ የጌጤ ብቻ ቀረ።

ሶስና «እማዬ አብደሻል!» ብላ ሳምንት አልደወለችም። ዘቢባ አኩርፋ ትራሱን ወስዳ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን መለሰችው። ማኅበሩ ትርንጎን ቀይ ድንጋይ ብቻ እንድትለይ አደረጋት፤ ቀይ አሁንም አይሳታትም።

የትርንጎ ጠዋት ተለወጠ። መስተዋቱ ፊት ቆማ፣ አምስት ቆጥራ፣ የማይረባውን ምርቃቱን ከሰማች በኋላ አጥሯ በር ላይ ወጥታ ትቆማለች። ጌጤ ወደ ሱቁ ሲሄድ የሚያልፈው በዚያ ነው። ሳያያት ካለፈ ደህና ናት። ከተፋ በጣም ደህና ናት። ምራቁ መሬት ሲነካ ተመስገን ትልና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ያም ሆኖ ጥርጣሬ አንዴ ከገባ አይወጣም። አንዳንድ ቀን «ዛሬ ሲተፋ ልቡ የለም» ብላ ቀኑን ሙሉ ትበሳጫለች። አንዴ በመጋቢት አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ተከትላው ሄዳ «ምን ሆነህ ነው ዛሬ?» ብላዋለች፤ ጥርሱን አሞት ኖሯል፤ «ሂጂ ከኋላዬ!» ብሎ ጮኸባት። ያን ቀን ምሳዋን እስክትጠግብ በላች።

የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ። በግንቦት አንድ ሐሙስ ጌጤ አጥሯ ዘንድ ሲደርስ እርምጃውን አዘገየ። ከዚያ ቆመ።

«እንደምን አደርሽ ትርንጎ» አላት።

ትርንጎ የአጥሩን እንጨት ያዘች። «ምን አልህ?»

«እንደምን አደርሽ ነው ያልሁ። ደህና ነሽ? ልጅሽስ ደህና ናት?»

«ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«የመጣልህን።»

«ምንም አልመጣ። ምን ይመጣል? ሁሉም ደህና ነው።» ጌጤ ሰማዩን አየ። «ዘንድሮ በልጉ ጥሩ ዘነበ አይደል? ገብሱ ያምራል አሉ።»

አሥራ አንድ ዓመት በደግ ያላናገራት ሰው ስለ ገብስ እያወራላት ነው። ከሀገሩ ሁሉ መርጣ ያመጣችው ጠላት እንደ ሌላው ሆኖ ቀረ። ልታለቅስ ከጅሏት ነበር፤ ግን ብታለቅስ ይብስ እንደሚራራ ታውቃለች። ብትለምነው ደግሞ ነገ እነግርሻለሁ ይላል፤ ነገ ዓርብ ነው፣ ዓርብ ጥሩ ቀን አይደለም፣ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሁድ ሰንበት ነው። ቀኖቹ ሲሄዱ ታያት። ፍርሃቷ ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ ቁጣው ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለባት አሳያት።

«አንተ ፈሪ» አለችው።

«ምን?»

«ፈሪ! ሴት ፊት ቆሞ ስለ ገብስ የሚያወራ ፈሪ! ያ የገበያ ምላስህ የት ገባ? ሚስትህ ትታህ የሄደችው ወዳ መሰለህ?»

«ትርንጎ፣ ዝም በይ። እያዘንሁልሽ ነው…»

«አንተ ለእኔ ታዝናለህ? አንተ?» ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ የማዶው ጎረቤት በሩን ከፈተ። «ስሙኝ! ጌጤ አራጋው ሲሸጥ የኖረው ሙጫ ነው! ልጆቹን ያሳደገው በሙጫ ነው! አባቱም ቅቤ በድንች ለውሶ ሲሸጥ ነው የሞተ!»

«አባቴን አታንሺ!»

«አነሳዋለሁ! መቃብሩንም ቢሆን በሙጫ ነው ያሠራህለት!»

የጌጤ ፊት በርበሬ መሰለ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። «አንቺ ሟርተኛ! አንቺ መርዘኛ! ግራሽም እየሞተ ነው! ሰማሽ? ጫናው ተነስቷል፣ ከቀኙ ይበልጣል! ካልሄድሽ ትታወሪያለሽ፣ ፍጹም ትታወሪያለሽ፣ በዱላ ትሄጃለሽ! ይኸው! ደስ አለሽ?»

የማዶው ጎረቤት በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ጌጤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቀረ።

የትርንጎ ደረት ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ ቀሎ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው እውነቱን በሙሉ አፉ ነገራት።

«መቼ ነው የመጣልህ?» አለችው በለሰለሰ ድምፅ።

«ማክሰኞ።»

«ሁለት ቀን ያዝኸው።»

«ሰው አይደለሁም እንዴ?» አለ ጌጤ፤ እንደ ልጅ ነው ያለው። «ማክሰኞ ልነግርሽ መጣሁ። ጥሩንባ ሁሉ አስቤ ነበር። አጥሩ ዘንድ ቆመሽ ስትጠብቂ አየሁሽና… በሌላ መንገድ ሄድሁ።»

ትርንጎ ማክሰኞንና ረቡዕን አስታወሰች። አለማለፉን አይታ «ታሞ ይሆናል» ብላ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ሁሉም ነገር ስትጠረጥር፣ ያንን ሳትጠረጥር ቀረች።

«ሃያ አንድ ሲቀነስ ሁለት…»

«አሥራ ዘጠኝ» አላት ቶሎ። እሱም ሲቆጥር ነው የሰነበተው።

«አሥራ ዘጠኝ ይበቃል። ነገርኋት በልና አሁኑኑ ላክ፤ ያለዚያ አይነኩኝም።»

ጌጤ ሰሌዳውን ከኪሱ አወጣ። አውራ ጣቱን አሳርፎበት «ነግሬያታለሁ» ብሎ ላከ። ትርንጎ ቤት ገብታ ነጠላዋንና መታወቂያዋን ያዘች፤ መስተዋቱን ሳታየው አለፈችው። የደሴ አውቶብስ የሚነሳው በሦስት ሰዓት ነው፤ ከቸኮለች ትደርሳለች። ስትወጣ ጌጤ እዚያው የአጥሩ በር ላይ፣ በቀኟ በኩል ቆሟል።

«ስለ አባትህ ያልሁት ውሸት ነው» አለችው። «ስለ ድንጋዩ ያልሁት ግን እውነት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ከደሴ ስመለስ እንደምን አደርሽ ብትለኝ ወየውልህ!»

«ማን ሊልሽ ነው! ሂጂ ከፊቴ፣ አንቺ ዕውር!» አላት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እሷ ግን በቀኟ በኩል ስለቆመ ፊቱን አላየችውም፤ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ሄደች።